ደረሰኝ የሌለው መሰላል

በማርች 4 ቀን 2018 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የዚያን ጊዜው የደቡብ አፍሪካ ጤና ሚኒስትር ዶክተር አሮን ሞትሶአሌዲ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ስለ ፖሎኒ መግለጫ ሲሰጡ፣ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያለው ወገናችን ዓይኑን ወደ ፍሪጁ ሳይወረውር አልቀረም። ሊስቴሪያ በተባለ ተሐዋስ ከ1,000 የሚበልጥ ሰው ታሞ ነበር፤ ከ200 የሚበልጠው ሞቷል። የብሔራዊ ሸማቾች ኮሚሽን አምራቾቹን «ዕቃችሁን ከገበያ ሰብስቡ» አላቸው። እኛ በሃይማኖት ነገር ባንቀምሰውም ለደንበኛ ስንቆርጥ የኖርነው ያ ርካሽ ሥጋ ከመደርደሪያ ወረደ። ብዙዎቻችን «ሪኮል» የሚለውን ቃል ከነትርጉሙ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የተሸጠ ዕቃ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ሻጩና አምራቹ ራሳቸው «መልሱልን» ብለው የሚጠሩበት ሥርዓት ነው።

ሥጋን ሰው ይጠረጥረዋል። መሰላልን ግን ማን ይጠረጥራል? ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ የቆመ ዕቃ ነው። አይበላሽም፣ ቀኑ አያልፍም፣ መብራት አይፈልግም። ይሁን እንጂ በዚያው በ2018 ወርነር የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ መሰላል ሠሪ 78,000 ያህል የአሉሚኒየም መሰላሎቹን መልሱልኝ ብሎ ጠርቷል። የተሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፤ ሰው ወጥቶባቸው ሳለ ሊሰበሩ ይችላሉ የሚል ነው። ሆም ዲፖና ሎውስ ከተባሉት ግዙፍ መደብሮች የገዛ አሜሪካዊ በመሰላሉ መጠቀሙን ወዲያው እንዲያቆምና ገንዘቡን እንዲያስመልስ ተነገረው። ልብ በሉ፤ ይህ ስሙ የታወቀ ኩባንያ የሠራው፣ ስሙ የታወቀ መደብር የሸጠው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ከተሳሳተ ስሙ ተፍቆ፣ በጋሪ ተገፍቶ፣ እኛ ግቢ የገባው መሰላል ምን ሊባል ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 684,000 ያህል ሰው ወድቆ ይሞታል። ሆን ተብለው ከማይደርሱ ጉዳቶች መካከል ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሰውን የሚገድለው መውደቅ ነው። ከእነዚህም ሟቾች ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። ሁሉም ከመሰላል የወደቁ አይደሉም፤ ከመሰላል መውደቅ ግን አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ሰውየው ጤነኛና ጉልበተኛ ሆኖ፣ ሥራ ላይ ሳለ፣ የቤቱ እንጀራ በእሱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የሚደርስ መሆኑ ነው።

ጥሪው የት ላይ ይቆማል?

የመልሱልን ጥሪ የሚጓዘው በወረቀት ነው። አንድ መሰላል ከፋብሪካ ሲወጣ በቋሚው ጎን ላይ ምልክት ይለጠፍበታል። የሞዴሉ ቁጥር፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ የሚችለው ክብደት ይጻፍበታል። ፋብሪካው ለየትኛው አስመጪ እንደላከ ይመዘግባል፤ አስመጪው ለየትኛው ጅምላ ነጋዴ፣ ጅምላ ነጋዴው ለየትኛው ሱቅ እንደሰጠ ይመዘግባል። ሱቁ ለገዢው ደረሰኝ ይቆርጣል። ችግር ሲገኝ ጥሪው በመጣበት መንገድ፣ ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተንደረደረ ይወርዳል። ከመካከል አንዱ ወረቀት ከሌለ ጥሪው እዚያው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለው ሰው በተሰነጠቀው መሰላል ላይ መውጣቱን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ራሳችን ገበያ እንምጣ። ዛሬ ራሂማ ሙሳ የሚባለውን፣ በእኛ አፍ ግን ጂፒ ሆኖ የቀረውን ጎዳና የማያውቅ የጆሃንስበርግ ሐበሻ የለም። ከፎቅ እስከ ምድር ቤት ሱቅ በሱቅ ነው። ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃው፣ ድስቱ፣ የቤት ዕቃው ከዚያ ተነሥቶ እስከ ሊምፖፖና ምሥራቃዊ ኬፕ ገጠር ድረስ ይሄዳል። በዚህ ጎበዝ ነን፤ ማንም አይክደንም። ታዲያ ጨዋታው ደረሰኝ ላይ ሲደርስ ሌላ ነው። «ወንድሜ፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ትንሽ ልቀንስልህ» የሚለውን ያልሰማ ጆሮ ካለ እሱ ትናንት ከቦሌ የተነሣ መሆን አለበት። ገዢውም ደስ ይለዋል፤ ሻጩም ደስ ይለዋል። ያቺ የተቀነሰችው ሃምሳ ራንድ ግን የጥሪውን መንገድ ቆርጣ የሄደች ሃምሳ ራንድ ናት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት የተተረተው ቆጥ ላይ ስለ መድረስ ነውና እዚህ ቦታው ነው።

በሕጉ በኩል ደረሰኝ የሻጭ ችሮታ አይደለም። በ2008 የወጣውና በ2011 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 26 ሻጭ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የጽሑፍ ማስረጃ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 56 ደግሞ ዕቃው ጉድለት ካለበት ገዢው በስድስት ወር ውስጥ መልሶ እንዲጠገንለት፣ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ምርጫው የገዢው ነው፤ የሻጩ አይደለም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብላችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁ ወገኖች ካላችሁ፣ ጉድለት ላለበት ዕቃ ያ ወረቀት እንደማይሠራ ዕወቁት።

ትሮይቪል ለምን?

መሰላል በሁሉም ሰፈር አለ፤ ትሮይቪል ግን መሰላል የግድ የሚባልበት ሰፈር ነው። ከጄፕስታውንና ከቤዝ ቫሊ መካከል በኮረብታ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ሰፈር ነው። ፖርቱጋሎች ኖረውበታል፤ ሞዛምቢካውያንና ኮንጎዎች ተጨመሩ፤ እኛም ከቤት ኪራዩና ከጂፒ ቅርበት የተነሣ ገባንበት። ብዙዎቹ ቤቶች ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ ናቸው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ሩቅ፣ አሸንዳው የዛገ ነው። ከኦክቶበር እስከ ማርች ባሉት ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ሲመጣና በረዶው ሲወርድ፣ በማግሥቱ አንድ ሰው ጣራ ላይ መውጣቱ የማይቀር ነው። አምፖል ለመለወጥ መሰላል፣ መጋረጃ ለመስቀል መሰላል፣ ያገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ዲሹን ትንሽ ወደ ግራ ለማዞር መሰላል። ግቢው ደግሞ ቁልቁለት ነው። ደልዳላ ወለል ላይ እንዲቆም የተሠራ መሰላል አንድ እግሩ ጡብ ላይ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ ይሆናል።

የመሰላሉ ባለቤትስ ማን ነው? በአንድ ቤት አምስት ስድስት ተከራይ ባለበት ግቢ መሰላል የወል ንብረት ነው። ይህ ጸሐፊ ለዚህ ጽሑፍ ሲል በሚኖርበት ግቢ ያለውን መሰላል አጋድሞ መርምሮታል። ምልክቱ ከነበረበት ቦታ የቀረው የሙጫው ቢጫ አሻራ ብቻ ነው። ከአንዱ እግር ጎማው ወልቆ በምትኩ ጨርቅ በሲባጎ ታስሮበታል። አራተኛው መርገጫ በእጅ ሲነቀነቅ ይንቃቃል። ማን ገዛው ብዬ ብጠይቅ «እኔ ስመጣም ነበረ» ከማለት በቀር መልስ ያለው ሰው አላገኘሁም። እንግዲህ የዚህ መሰላል አምራች ዛሬ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ መልሱልኝ ብሎ ቢጮህ፣ እየተጠራ ያለው የእኛው መሰላል መሆኑን የምናውቅበት አንዳች መንገድ የለም።

የባሕር ዛፉ ልማድ

ልማዳችን ከአገር ቤት የመጣ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቤታችንንም መሰላላችንንም ሠርቶልናል። ሁለት ቀጥ ያሉ አጣናዎች፣ በመካከል ቁርጥራጭ እንጨት፣ በየጫፉ ሁለት ሁለት ምስማር፤ በቃ። አንድ ሰሞን ያገለግልና ለማገዶ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ያ መሰላል አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ ሠሪው እዚያው ሰፈር ውስጥ ይገኛል። ቢሰበር ማን ቤት ሄዶ እንደሚጮህ ሁሉም ያውቃል።

በደቡብ አፍሪካ ሕግ ግን ያ መሰላል ሥራ ቦታ አይገባም። መነሻው 1986 የሆነው አጠቃላይ የደኅንነት ደንብ ስለ መሰላል ባወጣው ክፍል፣ መርገጫው በምስማር ወይም በመሰል ነገር ብቻ የተያያዘ መሰላል አሠሪ እንዳይጠቀምበት ይከለክላል። መርገጫው ቋሚው ውስጥ ተፈልፍሎ መግባት አለበት፤ የብረት ከሆነ ደግሞ የተበየደ፣ በሪቬት የተመታ ወይም በብሎን የታሰረ መሆን አለበት። ከታች እንዳይንሸራተት መያዣ ያስፈልገዋል። ተደግፎ የሚቆም መሰላል ከ9 ሜትር በላይ መርዘም የለበትም። ሌላም አንድ የምወደው ነጥብ አለ። የእንጨት መሰላል ስንጥቅ እንደሌለበት ሳይረጋገጥ ቀለም መቀባት ክልክል ነው። ዘይት ወይም ውስጡን የሚያሳይ ቫርኒሽ ይፈቀዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል። በየመንገዱ ዳር አረንጓዴና ሰማያዊ ተቀብቶ፣ አምሮ የሚሸጥ ያገለገለ መሰላል ስታዩ ይህችን ነጥብ አስቧት።

የዘመኑ መሰላል የሚሰበርበት መንገድ ከባሕር ዛፉ ይለያል፤ ክፋቱም ቶሎ የማይታይ መሆኑ ነው። ተጣጣፊው መሰላል በማጠፊያው መቆለፊያ ይከዳል። የተቆለፈ ይመስላል፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅም ያሰማል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ይከፈታል። እንደ አንቴና እየተሳበ የሚረዝመው ደግሞ በየክፍሉ ያሉት ትናንሽ መያዣዎች አንዱ ካልያዘ ሁሉም እየተንሸራተቱ ሰውየውን ከነጣቱ ይዘው ይወርዳሉ። በሌላው ሪቬቱ ይላላል፣ አሉሚኒየሙ ከመጠን በላይ ቀጥኖ ይጎብጣል፣ የፕላስቲኩ ክፍል በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። አውሮፓውያን ኤን 131 የሚሉትን መለኪያቸውን ከ2018 ጀምሮ አጥብቀውታል። ከ3 ሜትር በላይ የሆነ ተደጋፊ መሰላል እግሩ ሰፋ እንዲል፣ መሰላሉም 150 ኪሎ እንዲችል ይጠይቃሉ። በአሜሪካ በቀላሉ የቤት ዓይነት ላይ የሚጻፈው 91 ኪሎ ያህል ነው። እስቲ እናስላው፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ይዞ ቢወጣ ከ100 ኪሎ አልፏል። መሰላሉ ምንም ጉድለት ባይኖርበትም ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። ምልክቱ የተፋቀ መሰላል የሚችለውን ክብደት እንኳ አይነግራችሁም።

ተጠያቂው ማን ነው?

እዚህ ላይ ነጋዴ የሆናችሁ አንባቢያን ጠጋ በሉ፤ ጉዳዩ እናንተን ይመለከታል። የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ አንቀጽ 61 አደገኛ ዕቃ ባደረሰው ጉዳት አምራቹ፣ አስመጪው፣ አከፋፋዩና ቸርቻሪው ተጠያቂ ናቸው ይላል። ጥፋት ሠርተው እንደሆነ ተጎጂው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ከአንድ በላይ ሲሆኑ በአንድነትም በተናጠልም ይጠየቃሉ፤ ተጎጂው ከመካከላቸው ያገኘውን ይዞ ሙሉውን ካሣ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። አከፋፋይና ቸርቻሪ ጉድለቱን ያውቁ ዘንድ ሊጠበቅባቸው እንደማይገባ ካሳዩ መከላከያ አላቸው። አስመጪ ግን በዚህች ቀዳዳ አይወጣም። ከቻይና በኮንቴይነር ያስመጣ ሐበሻ በሕጉ ፊት «እኔ ነጋዴ ብቻ ነኝ» ሊል አይችልም፤ አስመጪ ነው። ፋብሪካው ባሕር ማዶ ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ጂፒ ላይ ነው። ተጎጂው ማንን ያገኛል?

ቸርቻሪውም ቢሆን ከማን እንደገዛ ማሳየት ቢችል ይበጀዋል። ከማን? ወረቀቱስ የታለ? እነሆ ደረሰኙ እንደገና መጣ። ሻጩን የሚረዳው ወረቀት ገዢውን ከአደጋ የሚያድነው ያው ወረቀት ነው። ኮሚሽኑ በበኩሉ በአንቀጽ 60 አምራቹን ወይም አስመጪውን ዕቃውን እንዲመረምር ወይም እንዲሰበስብ ማዘዝ ይችላል። ሕጉን የጣሰ ደግሞ የዓመት ሽያጩን 10 ከመቶ ወይም 1 ሚሊዮን ራንድ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል፣ ሊቀጣ ይችላል። ባገራችንም ቢሆን ሸማቹን የሚጠብቅ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይኸኛው በእኛ ዘመን ነው) ወጥቷል። መርካቶ ውስጥ ማን ያውቀዋል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከገዢና ሻጭ ሌላ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ትናንት የገባው ልጅ። ድንበር በእግሩ አቋርጦ፣ የመንገዱን ዕዳ ገና ሳይከፍል፣ ያገሩ ልጅ ሱቅ ውስጥ ይቀጠራል። «እስቲ ከላይ ያለውን ካርቶን አውርድ» ሲባል መሰላሉን አይመረምርም፤ ይወጣል። እምቢ የሚልበት አንደበት የለውም። ወገኖቼ፣ ይህ ልጅ በሕግ ሠራተኛ ነው። በ2008 የደቡብ አፍሪካ የሠራተኛ ፍርድ ቤት የሥራ ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋም በሠራተኛነቱ ከሕግ ጥበቃ እንደማይወጣ ወስኗል። ያ የተንቃቃ መሰላልም ሱቃችሁ ውስጥ እስከቆመ ድረስ በአሠሪነታችሁ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ልጁ ሲወድቅ በወንድምነት ማኅበር ተሰባስቦ መዋጮ ማድረግን እንችልበታለን፤ መዋጮው ግን አከርካሪ አይጠግንም።

ስለ ሕክምናም አንድ ነገር ልጨምር፤ ወረቀት የለኝም ብሎ የተሰበረ እግሩን ይዞ ቤት የሚተኛ አለና። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና አይከለከልም ይላል። «ማንም» ያለው ዜጋ ወይም የውጭ ሰው ብሎ ሳይለይ ነው። በ2022 በፕሪቶሪያው ካላፎንግ ሆስፒታል በር ላይ የውጭ አገር ሰዎችን ለመከልከል የቆሙ ቡድኖች እንደነበሩ አይዘነጋም። በር ላይ የቆመ ሰው ግን ሕገ መንግሥቱን አይለውጠውም። ከመሰላል የወደቀ ሰው ጭንቅላቱን ወይም ጀርባውን ከመታው አታንቀሳቅሱት፣ አታስቀምጡት፣ ውኃ አታጠጡት፤ አምቡላንስ ጥሩለት።

ዛሬ ማታ ምን ይደረግ?

መሰላላችሁን አጋድሙት። ምልክቱ ካለ የሞዴሉን ቁጥርና የተሠራበትን ቀን በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ደረሰኙንም አብራችሁ አንሡ። የሙቀት ወረቀት ላይ የታተመ ደረሰኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩ በእጃችሁ ካለ የኮሚሽኑን ማስታወቂያዎች ብቻ ሳይሆን የአሜሪካንና የአውሮፓን የጥሪ ዝርዝሮች በኢንተርኔት ማየት ትችላላችሁ። አንድ ፋብሪካ የሠራው መሰላል እዚያ በአንድ ስም፣ እዚህ በሌላ ስም ሊሸጥ ይችላልና ከስሙ ይልቅ የሞዴሉን ቁጥርና መልኩን አመሳክሩ። ከዚያ በእጃችሁ ፈትሹት። እያንዳንዱን መርገጫ ለማሽከርከር ሞክሩ፤ መሽከርከር የለበትም። ሪቬቶቹን ዳስሱ። መቆለፊያውን ቆልፋችሁ መሬት ላይ እንዳለ በጉልበት ግፉት። አራቱም ጎማዎች መኖራቸውን እዩ። ሲቆም ደግሞ አራት ሜትር ወደ ላይ ከሆነ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ፤ ጣራ ላይ የምትወርዱ ከሆነ ጫፉ ከጣራው አንድ ሜትር ያህል ይለፍ። አሉሚኒየም ከሆነ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አታስጠጉት። የትሮይቪል ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ሽቦው ከምታስቡት ይቀርባል።

መሰላሉ የማይረባ ሆኖ ከተገኘስ? ከደጅ አታውጡት። በቆሻሻ ቀን ጠዋት ጋሪ የሚገፉት ሰዎች ከመኪናው ቀድመው ይደርሳሉ፤ አሉሚኒየም ይፈልጋሉ፤ እንጀራቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሙሉ መሰላል በኪሎ ከሚያወጣው በላይ በመሰላልነቱ ያወጣል። ስለዚህ ቁራጭ ብረት ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሸጣል፤ ምናልባትም በሣምንቱ ከእናንተ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ባለው ግቢ፣ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ታገኙታላችሁ። መጋዝ ተዋሱ። ሁለቱንም ቋሚዎች ከመካከላቸው ቁረጧቸው፣ ከዚያ ቁርጥራጩን ለባለ ጋሪው ስጡት።